የቼዝ ጥያቄና መልስ፦ ወደ ኋላ የማይመለሰው ወታደር

በዚህ ዕትም ያስተናገድናቸው ጥያቄዎች ሁሉም የወታደር ጉዳይ ናቸው። መስመሮቹን ከነጭ በኩል ሆነን ከግራ ወደ ቀኝ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤች እያልን እንጠራቸዋለን፤ ረድፎቹን ከ1 እስከ 8 እንቆጥራለን። ሰሌዳ ዘርግታችሁ ብታነቡ ይሻላል።

ጥያቄ፦ በጥቁር ስጫወት ተጋጣሚዬ በስፔን አከፋፈት ገና በ4ኛው እርምጃ ቢሾፑን በፈረሴ ይለውጥና ሁለት ወታደር ሲ መስመር ላይ ያደራርብብኛል። ጓደኞቼ «ወታደርህ ከተደራረበ አለቀልህ» ይሉኛል። እውነት ነው? (ከአዳማ)

መልስ፦ አላለቀልዎትም፤ ጓደኞችዎም ግን ከመሬት ተነስተው አልተናገሩም። ነጭ ኢ4፣ ጥቁር ኢ5፤ ፈረስ ኤፍ3፣ ፈረስ ሲ6፤ ቢሾፕ ቢ5፣ ኤ6፤ ከዚያ ቢሾፑ ፈረሱን ይበላል። እርስዎ በዲ7 ወታደር መልሰው ይብሉ። የዲ መስመር ለንግሥትዎ፣ ሰያፉ መንገድ ደግሞ ለሲ8 ቢሾፕዎ ይከፈታል። ነጭ «ኢ5 ላይ ያለው ወታደር ጠባቂ አጣ» ብሎ በፈረስ ቢበላው ንግሥትዎን ዲ4 ያውጡ፤ ፈረሱንና የኢ4 ወታደሩን ባንድ ጊዜ ስለምታጠቃ ወታደርዎ ይመለሳል።

ችግሩ የሚመጣው ቆይቶ ነው። ነጭ ዲ4 ገፍቶ የመሀል ወታደሮች ሲለዋወጡ ነጭ በንጉሥ ወገን 4 ለ3 ይበልጣል፤ እርስዎ በንግሥት ወገን 4 ለ3 ይበልጣሉ። የነጭ አራቱ ነፃ ወታደር፣ ማለትም ከፊቱም ከጎንና ጎኑ መስመሮችም የሚያግደው የተጋጣሚ ወታደር የሌለው፣ ያወጣሉ። የእርስዎ አራቱ ግን ሁለቱ ስለተደራረቡ፣ ነጭ ሦስቱን ወታደሮቹን ያለ ምክንያት ካላነቃነቀ ነፃ ወታደር ማውጣት አይሆንላቸውም። ስለዚህ ሌላው ሁሉ ተለዋውጦ ንጉሥና ወታደር ብቻ ሲቀር ነጭ አሸናፊ ነው። ነጭ መለዋወጥ የሚወደውም ለዚህ ነው፤ እርስዎ አይተባበሩት። ሁለቱን ቢሾፖችዎን ይያዙ፣ ሰሌዳው እንዲከፈት ይጫወቱ።

በ1914 ሴንት ፒተርስበርግ ላይ የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ኢማኑኤል ላስከር ኩባዊውን ተጫዋች ካፓብላንካን ያሸነፈው በዚሁ አከፋፈት ነበር። ላስከር ወታደሩን እስከ ኤፍ5 ሲገፋ የኢ4 ወታደሩን ያለ ጠባቂ ወታደር አስቀረ፤ ኢ5ንም ለጥቁር ለቀቀ። እርምጃው ላይ ላዩን ሲያዩት ስህተት ይመስላል። የኤፍ5 ወታደር ግን ኢ6ን ይጠብቃል፤ የላስከር ፈረስ እዚያ ገብቶ ሲቀመጥ ጥቁር መላወሻ አጣ። የወታደር ዋጋ ከሚተወው ካሬና ከሚይዘው ካሬ ይመዘናል የምንለው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ ወታደሬን አልፎት በሄደው ካሬ ላይ «በላሁት» አለኝ። እኛ ስንጫወት እንዲህ ዓይነት ነገር አልነበረም። (ከቨርጂኒያ)

መልስ፦ ልጅዎ ልክ ሊሆን ይችላል። የእሱ ወታደር ኢ5 ላይ ቆሞ፣ የእርስዎ ከዲ7 በአንዴ ሁለት ካሬ ዘልሎ ዲ5 ካረፈ፣ አንድ ካሬ ብቻ እንደተራመደ ቆጥሮ ወደ ዲ6 ገብቶ ይበላዋል። ይህን የሚያደርገው ወታደር ብቻ ነው፤ ያውም ወዲያውኑ በሚቀጥለው እርምጃ። አንድ ተራ ካሳለፈ መብቱ ቀረ። በአገራችን የቀድሞ የቼዝ ጨዋታ፣ በሰንጠረዥ፣ ወታደሩ ከመነሻውም አንድ አንድ ካሬ ብቻ ስለሚራመድ ይህ ሕግ አላስፈለገም።

ጥያቄ፦ ካስሊንግ (ንጉሥንና ሩክን ባንድ እርምጃ ማዘዋወር) ካደረግሁ በኋላ ቢሾፕ ጂ4 እንዳይመጣብኝ ኤች3 እገፋለሁ። ከዚያ ንጉሤ ላይ ጥቃት ይበዛብኛል። (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ኤች3 በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ንጉሡ 1ኛው ረድፍ ላይ ታፍኖ እንዳይሞት መውጫ ይሰጠዋል። ነገር ግን ኤች2 ላይ የነበረው ወታደር ጂ3ን ይጠብቅ ነበር፤ ከተገፋ በኋላ ጂ3 በኤፍ2 ወታደር ላይ ብቻ ይወድቃል። አሁን የጥቁር ቢሾፕ ሲ5 ላይ ሆኖ ንጉሥዎ እስካለበት ጂ1 ያለው መንገድ ክፍት ነው እንበል። የኤፍ2 ወታደር ከተነሳ ንጉሡ ቼክ ስለሚሆን ንቅንቅ አይልም። የጥቁር ንግሥት ጂ3 ላይ በነፃ ትገባለች፤ ወታደሩ አጠገቧ ቆሞ ሊበላት አይችልም። ከመግፋትዎ በፊት የተጋጣሚዎ ቢሾፕ የትኛው ሰያፍ ላይ እንዳለ ይመልከቱ።

ጥያቄ፦ አንድ ወታደር ተርፎኝ፣ ከነገሥታቱ ሌላ ምንም ሳይቀር ጨዋታው አቻ ይወጣብኛል። ወታደሩን በፍጥነት ነው የምገፋው። (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ያጠፋዎት ፍጥነቱ ነው፤ ንጉሥ ይቅደም፣ ወታደር ይከተል። የነጭን ንጉሥ ኢ4፣ ወታደሩን ኢ2፣ የጥቁርን ንጉሥ ኢ6 ያስቀምጡ፤ ተራው የነጭ ይሁን። ነገሥታቱ በመሀላቸው አንድ ካሬ ትተው ተፋጠዋል፤ እንዲህ ሲሆን መንገድ የሚለቀው ባለ ተራው ነው። ነጭ ግን ወታደሩን ኢ3 አድርጎ ተራውን ለጥቁር ያስረክባል። ጥቁር ዲ6 ቢሄድ የነጭ ንጉሥ ኤፍ5 ይገባል፤ ቀጥሎ ጥቁር ኢ7 ቢመለስ ኢ5፤ ከዚያም ዲ7 ቢሸሽ ኤፍ6። ከዚያ ወታደሩ ተከትሎ ይወጣል።

ያንኑ አቀማመጥ ወታደሩን አስቀድመው ኢ3 ላይ አድርገው ይሞክሩት። ነጭ የሚያስረክበው እርምጃ የለውም፤ ጥቁር ካልተሳሳተ አቻ ነው። ወታደርዎ 5ኛው ረድፍ ላይ ሆኖ ንጉሥዎ ከፊቱ 6ኛው ላይ ከቆመ ግን ተራው የማንም ቢሆን ያሸንፋሉ። ከዳር ከዳር ያሉት የኤ እና የኤች ወታደሮች እዚህ ውስጥ አይገቡም፤ ተጋጣሚው ማዕዘኑን ከያዘ አቻ ነው።

ጥያቄ፦ በውድድር ላይ ወታደሬ 8ኛው ረድፍ ሲደርስ ትርፍ ንግሥት አጥቼ ሩክ ገልብጬ አስቀመጥሁ። ዳኛው «ይህ ሩክ ነው» አለኝ። (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ዳኛው ልክ ነው፤ የተገለበጠ ሩክ ሩክ ነው። ሰዓቱን አቁመው ዳኛውን ንግሥት መጠየቅ ይፈቀድልዎታል። ደግሞም ንግሥት ሁልጊዜ አትበጅም። በ1895 ግላስጎው ይኖር የነበረው ስፔናዊ ቄስ ፈርናንዶ ሳቬድራ ያገኘውን መፍትሔ ይሞክሩት፦ የነጭ ንጉሥ ሲ2፣ ወታደር ሲ7፤ የጥቁር ንጉሥ ኤ1፣ ሩክ ዲ4። ነጭ ንግሥት ቢያወጣ ጥቁር ሩኩን ሲ4 ላይ ቼክ ብሎ ይሰዋል፤ ንግሥቲቱ ስትበላው ጥቁር መሄጃ ያጣና ስቴልሜት፣ ማለትም አቻ ይሆናል። ነጭ ሩክ ካወጣ ግን ኤ8 ላይ ቼክሜት ያስፈራራል። ጥቁር ሩክ ኤ4 ብሎ ቢከላከል ንጉሡ ቢ3 ይገባል፤ ያኔ ሩኩን መብላትም፣ ሲ1 ላይ ቼክሜትም ባንድ ላይ ይመጡበታል።