የመጀመሪያ የዳይቪንግ ዕቃ፦ ፓኬጁን ተዪው፣ ከማስኩ ጀምሪ

ለእህታችን ጥያቄ የሚሆን መልስ ነው። ላላነበባችሁት፦ ዱባይ ትኖራለች፣ ኦፕን ወተር የሚባለውን የጀማሪ ጠላቂ ኮርስ ጨርሳለች፣ በዕረፍት ቀኗ ፉጃይራ (በኢሚሬትስ ምሥራቅ ያለ የባሕር ዳር) እየሄደች መጥለቅ ትፈልጋለች። ለሩቅ የሚሆን መነጽር ታደርጋለች፣ ማይነስ 3.25። ሱቁ ማስክ፣ ፊን (እግር ላይ የሚደረግ መቅዘፊያ)፣ ዌትሱት (ከብርድ የሚከላከል የውሃ ልብስ)፣ ቢሲዲ (አየር እየተሞላ የሚያንሳፍፍ ሰደርያ) እና ሬጉሌተር (ከሲሊንደሩ አየር የሚተነፈስበት ዕቃ) በአንድ ላይ በቅናሽ ልስጥሽ ብሏታል። ለገና አዲስ አበባ ትመጣለች። ልግዛው ወይስ እየተከራየሁ ልቆይ ነው የምትለው።

አትግዢው። ቅናሹ የውሸት ነው ለማለት አይደለም። ፓኬጅ የሚሠራው መደርደሪያ ላይ ባለው ዕቃ ልክ እንጂ ባንቺ ፊትና እግር ልክ አይደለም፤ ከአምስቱ ሁለቱ ካልሆኑሽ ቅናሹ ያኔውኑ ተበላ። በእኔ አስተያየት ቅደም ተከተሉ ማስክ፣ የመጥለቂያ ኮምፒውተር፣ ቡትና ፊን፣ ከዚያ ዌትሱት ነው። ሬጉሌተርና ቢሲዲ ይቆዩ። ሃያ ሠላሳ ጊዜ በተለያየ የኪራይ ዕቃ ከጠለቅሽ በኋላ የሚመችሽን ከሻጩ በተሻለ ራስሽ ታውቂዋለሽ።

ማስክ ላይ ጊዜ አጥፊ። ርካሹ ፊትሽ ላይ ልክ ከሆነ ውዱን ይበልጠዋል። አሞካከሩ እንዲህ ነው፦ ላስቲኩን ወደ ውጭ ገልብጪው፣ ወደ ጣሪያ ቀና በዪና ማስኩን ሳትጫኚ ፊትሽ ላይ አስቀምጪው። ሌላ ሰው ዙሪያውን ይይልሽ፤ ክፍተት ብዙ ጊዜ የሚገኘው ጆሮ ግንድሽ አጠገብና ከአፍንጫ በታች፣ የላይኛው ከንፈር ላይ ነው። ከዚያ በአፍንጫሽ በጣም በቀስታ ሳቢ፣ ትንፋሽሽን ያዢ፣ ጎንበስ በዪና እጅሽን ልቀቂ። አሥር ሰከንድ ያህል ሳይወድቅ ከቆየ ጥሩ ነው። ሻጩ «በደንብ ሳቢው» ካለሽ አትስሚው፤ በኃይል ከተሳበ የማይጣበቅ ማስክ የለም። ይህን ሁሉ ከጨረስሽ በኋላ የሬጉሌተር አፍ መያዣ በጥርስሽ ነክሰሽ ድገሚው። አፍ ሲከፈት ጉንጭ ቅርጹን ይለውጣል፣ ባዶ አፍ ላይ ልክ የነበረው ማስክ እዚያ ላይ ያፈስሳል። በመጨረሻ አፍንጫሽን በማስኩ ላይ በሁለት ጣት መቆንጠጥ መቻልሽን አረጋግጪ፤ ካልቻልሽ የጆሮሽን ግፊት ማስተካከል አትችዪም።

መስታወቱ የተጠናከረ ይሁን፣ ጠርዙ ደግሞ ሲሊኮን እንጂ ፕላስቲክ አይሁን። ሌላው ጌጥ ነው።

የፀጉር ነገር በእኛ ሰው ዘንድ ብዙ ችግር ያመጣልና ልጨምር። ሹሩባ ራሱ ችግር የለውም፤ ውሃ የሚያስገባው ግንባር ላይ ከሲሊኮኑ ሥር የሚገባው ለጋ ፀጉር ነው። አንዲት ዘለላ ትበቃለች። ቀጭን ሻሽ ወይም የጨርቅ ማሰሪያ ፀጉሩን ወደ ኋላ ይያዘው፣ ማሰሪያው ግን ከማስኩ ጠርዝ ውጭ ይቅር። ላስቲኩ ሹሩባውን እንዳይጎትት የኒዮፕሪን (ዌትሱት የሚሠራበት ለስላሳ ጎማ) ሽፋን አለ፣ በትንሽ ገንዘብ ይገኛል። ማስኩ ሲያፈስስ ላስቲኩን ማጥበቅ ደግሞ የጀማሪ ሁሉ ስህተት ነው፤ ከልክ በላይ ሲጠብቅ ጠርዙ ይታጠፍና የባሰ ያፈስሳል።

ለዓይንሽ፦ መስታወቱ በሁለት የተከፈለ ማስክ ምረጪ፤ ብዙዎቹ ሞዴሎች በግማሽ ዲግሪ ልዩነት የተዘጋጀ የሚለወጥ መስታወት አላቸው። ውሃ ውስጥ ዕቃ ሁሉ በሩብ ያህል ቀርቦ፣ በሲሶ ያህል ገዝፎ ስለሚታይ ማይነስ 3.25 ላለው ሰው ማይነስ 3 ይበቃል፤ ወደ ላይ አታጠጋጊ። የሐኪሙ ወረቀት ላይ የአስቲግማቲዝም ቁጥር ካለ ግማሹን ከዋናው ቁጥር ጋር ደምረሽ ነው የምትመርጪው። ለስላሳ ኮንታክት ሌንስ ማድረግም ይቻላል፤ ያኔ ማስኩ ውሃ ሲገባው ዓይንሽን ጨፍነሽ አውጪው።

አዲስ ማስክ መስታወቱ ላይ ከፋብሪካ የቀረ ስስ ቅባት አለው፤ ካልለቀቀ ምንም ብታደርጊ በጭጋግ ይሸፈናል። ጄል ያልሆነ ነጭ የጥርስ ሳሙና በጣትሽ ከውስጥ በኩል ለሁለት ደቂቃ ፈትጊ፣ እጠቢ፣ ሦስት አራት ጊዜ ደጋግሚ። መስታወቱ ከፋብሪካው የጭጋግ መከላከያ ተቀብቶ ከሆነ ግን ይህን አታድርጊ፤ መመሪያው ላይ ይጻፋል። ከዚያ በኋላ በጠለቅሽ ቁጥር ምራቅ ወይም አንድ ጠብታ የሕፃን ሻምፑ ይበቃል።

ስኖርክል፦ ቀላል ጎባጣ ቱቦ፣ ያለ ምንም ቫልቭ። አለቀ።

ኮምፒውተሩን ከሬጉሌተር ለምን አስቀደምኩት? የኪራይ ሬጉሌተር ትናንት ማን እንደተጠቀመበት ለሰውነትሽ ምንም አያመጣም። ኮምፒውተር ግን ከተነፈስሽው አየር ሰውነትሽ ውስጥ የቀረውን፣ ግፊት ድንገት ሲቀንስ አረፋ ሆኖ የሚጎዳውን ናይትሮጅን የሚያሰላ ዕቃ ነው፤ ጠዋት አንዱን፣ ከሰዓት ሌላውን ብትከራዪ ሁለተኛው ጠዋት መጥለቅሽን አያውቅም፣ እንደ አዲስ ሰው ቆጥሮ ብዙ ደቂቃ ይሰጥሻል። ከጓደኛ ጋር መጋራትም አይሆንም፤ እሱ 12 ሜትር ላይ ሲቆይ አንቺ 16 ላይ ከነበርሽ ሒሳቡ የእሱ እንጂ ያንቺ አይደለም።

የምትፈልጊው፦ ያለ መነጽር የሚነበብ ትልቅ ቁጥር፣ ከአየር ሌላ ናይትሮክስ (ኦክስጅን የተጨመረበት አየር) የሚቀበል፣ የጨውና የጨው አልባ ውሃ ምርጫ ያለው፣ ከፍታን የሚያስተካክል፣ ባትሪውን ራስሽ የምትለውጪው ወይም ቻርጅ የሚደረግ። የማትፈልጊው፦ የአየር ሲሊንደሩን ግፊት በሬዲዮ የሚያነብና ሂሊየም የሚያሰላ። ለእነዚህ ተጨማሪ የሚከፈለው ገንዘብ ጥሩ ፊን ይገዛል። የእጅ ይሁን። ከገዛሽ በኋላ መመሪያውን አንብቢ፣ በተለይ በፍጥነት ስትወጪ እንዴት እንደሚያስጠነቅቅ። በደቂቃ ከ9 ሜትር ባላለፈ ፍጥነት መውጣትና 5 ሜትር ላይ 3 ደቂቃ መቆየት ልማድ ይሁን።

እዚህ ላይ የገናው ጉዞ ይመጣል፤ የኛ ሰው በሌላ ቋንቋ ከተጻፈ መመሪያ ላይ የማያገኘው ነገር ስላለ ሰፋ ላድርገው። የተለመደው ምክር አንድ ጊዜ ብቻ ከጠለቅሽ 12 ሰዓት፣ በቀን ሁለቴ ወይም ለተከታታይ ቀናት ከጠለቅሽ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳትበሪ መቆየት ነው። አውሮፕላን ውስጥ ያለው ግፊት ቢበዛ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ እንደመውጣት ነው። ባሕር ዳርቻ ያለ ከተማ የሚያርፍ ሰው መሬት ሲነካ ግፊቱ ይመለስለታል። ቦሌ ግን ራሱ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠረፉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ካረፍሽም በኋላ ሰውነትሽ አውሮፕላኑ ውስጥ እንዳለ ነው የሚቆጥረው። ለእኛ መንገድ 18ቱን ትቼ ሙሉ 24 ሰዓት እላለሁ። በነጋታው እንጦጦ መውጣትም፣ እዚያ ከ3,000 ሜትር በላይ ነውና፣ አንድ ቀን ቢዘገይ አይጎዳም። ከደረስሽ በኋላ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ መደንዘዝ ወይም ያልተለመደ ድካም ከመጣ «የመንገድ ነው» ብለሽ አትተኚበት፤ ኦክስጅን ወዳለበት ሆስፒታል ሂጂና ስትጠልቂ እንደነበር በግልጽ ተናገሪ። ካልነገርሻቸው ማንም አይጠረጥረውም።

በዚያው፣ ቢሾፍቱ ሐይቅ ውስጥ ልሞክር ለምትሉ፦ ከ1,800 ሜትር በላይ ስለሆነ ለባሕር የተዘጋጀው የመጥለቂያ ጊዜ ሰንጠረዥ አይሠራም፤ ለከፍታ የሚሆን ሥልጠና ይጠይቃል። ውሃው ጨው ስለሌለው ለመስጠም የሚያዘው የእርሳስ ክብደትም ይቀንሳል፤ ሰውና ዕቃ ተደምሮ 85 ኪሎ ከሆነ ወደ 2 ኪሎ ያህል።

ፊን። ፉጃይራ ስኑፒ ደሴት ላይ ከባሕር ዳር እየተራመድሽ ነው የምትገቢው፤ አሸዋ፣ ድንጋይ፣ የባሕር ጃርትም አለ። ስለዚህ ሶሉ ወፍራም የሆነ ቡትና ተረከዙ ክፍት የሆነ ፊን። ቡቱን ሳታደርጊ ፊን አትለኪ፤ ብዙ ሰው ሁለቱን ለየብቻ ገዝቶ አልገባ ይለዋል። ጣቶችሽ ጫፉ ጋ መጨናነቅ የለባቸውም፣ እግርሽን ስታወዛውዢም ውስጡ መንሸራተት የለበትም። በጣም ደረቅ የሆነውን «ኃይለኛ ነው» ብለው ይሸጡልሻል፤ ለጀማሪ ጭን የቁርጠት ምንጭ ነው። ማሰሪያው የብረት ስፕሪንግ ከሆነ የጎማው አይነት አይበጠስም።

ዌትሱት። በፉጃይራ በኩል ውሃው በክረምታቸው፣ ከጥር እስከ የካቲት፣ 22 እና 23 ዲግሪ ይደርሳል፤ በበጋቸው ላዩ 30ን ያልፋል፣ ታች ግን ድንገት ቀዝቃዛ ንጣፍ ያጋጥማል። አንድ ብቻ የምትገዢ ከሆነ ሙሉ አካል የሚሸፍን 3 ሚሊ ሜትር ግዢና ለብርዱ ወራት ኮፍያ ያለው የውስጥ ሰደርያ ጨምሪ። 5 ሚሊ ሜትሩ በነሐሴ ጀልባ ላይ ያቃጥልሻል። እስራኤል ኤላት ላላችሁ ግን 5 ሚሊ ሜትር ቢሆን ይሻላል፤ በየካቲት ውሃው ወደ 21 ዲግሪ ይወርዳል።

ልኩን ስትሞክሪ ቁጢጥ በዪ፣ እጅሽን ወደ ላይ አንሺ፤ ወገብሽ ላይ መዳፍ የሚያስገባ ክፍተት ካለ በተንቀሳቀስሽ ቁጥር ቀዝቃዛ ውሃ እየገባ ይወጣል፣ ውፍረቱ ትርጉም ያጣል። ብብትም እንደዚሁ። አንገቱ ግን የሚያንቅ መሆን የለበትም፤ አንገት ላይ ያለውን የደም ሥር ሲጫን ራስ ያዞራል። ሱቅ ውስጥ ትንሽ ጠበቅ ያለው ውሃ ውስጥ ልክ ይሆናል፣ ሱቅ ውስጥ የተመቸው ውሃ ውስጥ ሰፊ ነው።

አዲስ ዌትሱት ከአሮጌ የኪራይ ይበልጥ ስለሚንሳፈፍ እርሳስሽን እንደገና ለኪ። ሲሊንደሩ ውስጥ 50 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ያህል ሲቀር፣ ቢሲዲው ባዶ ሆኖ፣ የተለመደ ትንፋሽ ይዘሽ ውሃው ዓይንሽ ጋ ከደረሰ ልክ ነው። በሙሉ ሲሊንደር የለካ ሰው መጨረሻ ላይ 5 ሜትር መቆም ያቅተዋል፤ ባለ 11 ሊትሩ አሉሚኒየም ሲሊንደር ሲሞላ ወደ 2.7 ኪሎ አየር ይይዛል፣ ሲያልቅ ደግሞ ራሱ ይንሳፈፋል።

ሬጉሌተር ለመግዛት ጊዜው ሲደርስ ምን እንደሚሠራ ማወቁ ይረዳል። ሲሊንደሩ ላይ የሚታሰረው ክፍል 200 ባሩን ከአካባቢው ውሃ ከ9 እስከ 10 ባር ከፍ ወዳለ ግፊት ያወርደዋል፤ አፍ ላይ ያለው ደግሞ በምትተነፍሺው መጠን ያደርሰዋል። የሚበላሸው ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ክፍል ውስጥ ያለች ማሸጊያ ናት፤ ስትጎደጉድ ግፊቱ ቀስ እያለ ይወጣና አፍ ላይ ያለው ሳትነኪው አየር ይለቅቃል። ሰርቪስ በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ፣ ወይም 100 ጊዜ ከጠለቅሽ በኋላ፣ እንደ አምራቹ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄሽ «ስንት ነው» ሳይሆን «ይህን ብራንድ ዱባይ ውስጥ ማን ይጠግነዋል፣ መለዋወጫው አለ ወይ» ይሁን። ከኢንተርኔት በርካሽ የተገዛ፣ ወኪሉ የማይቀበለው ሬጉሌተር በሁለተኛው ዓመት ውድ ይሆናል።

ከሲሊንደሩ ጋር የሚገናኝበት ማያያዣ ዮክ (የሚቆነጥጥ) እና ዲን (የሚጠመዘዝ) የሚባል ሁለት ዓይነት ነው። ዲን ግዢና የዮክ አዳፕተር ጨምሪ፤ ወደ የትም ብትሄጂ ይሠራል። ሚዛናዊ የሚባለውን ዓይነት ምረጪ፣ ሲሊንደሩ ሲጎድል መተንፈሻው አይከብድም።

ያገለገለ ልትገዢ ከሆነ ሲሊንደር ላይ ሳይታሰር የአቧራ ክዳኑን ዝጊና በአፍሽ ሳቢ፤ ምንም መምጣት የለበትም። አየር ሾልኮ ከመጣ አንዱ ጎማ ተቀድዷል፣ ውሃ ውስጥ ደግሞ ውሃ ነው የሚመጣው። የኪራይም ቢሆን በአፍሽ እየሳብሽ የግፊት መለኪያውን እዪ፤ መርፌው እየወረደ ከተመለሰ የሲሊንደሩ ቫልቭ ሙሉ በሙሉ አልተከፈተም።

ቢሲዲ ሲገዛ ዌትሱቱን ለብሰሽ እስኪሞላ ንፊው፤ ደረትሽን ጨምቆ ትንፋሽ ከከለከለሽ ይጠብሻል። ለሞቀ ውሃ ከ10 እስከ 15 ኪሎ የማንሳት አቅም ይበቃል። ያገለገለ ከሆነ ተነፍቶ ይደር፣ ጠዋት ከረገበ ተዪው። ከባሕር ስትመለሺ ውስጡንም በንጹሕ ውሃ እጠቢ፤ የመሙያው ቁልፍ ጋ የደረቀ ጨው ቁልፉን አጣብቆ ቢሲዲው በራሱ እንዲሞላ ያደርጋል። ያ ውሃ ውስጥ ከደረሰ መጀመሪያ ቱቦውን ንቀዪ፣ አየሩን በሌላ እጅሽ አስወጪ።

ሬጉሌተርን ስታጥቢ የአቧራ ክዳኑ ደርቆ የተዘጋ ይሁን፣ አፍ ላይ ያለውን ቁልፍም አትጫኚ፤ ከተጫንሽ ውሃው በቱቦው ወደ ውስጥ ይገባል።

ከማስኩ ጋር ዛሬውኑ የምትገዢው አንድ ርካሽ ነገር አለ፦ በአየር ሞልተሽ ወደ ላይ የምትለቂው፣ ውሃው ላይ ቆሞ ያለሽበትን የሚያሳይ ብርቱካናማ ምልክት፣ ርዝመቱ ከ1.2 ሜትር የማያንስ፣ ከ15 ሜትር ገመድ ጋር። ዲባ ሮክ በሚባለው የፉጃይራ መጥለቂያ ዙሪያ ጀልባ ይመላለሳል፣ በማዕበል መሃል ደግሞ ጭንቅላት ከሩቅ አይታይም። አለቀቁን መጀመሪያ ገንዳ ውስጥ ተለማመጂው፤ ገመዱ ከቢሲዲሽ ጋር ከተጠላለፈ ይዞሽ ይወጣል። በአውሮፕላን ስትመጪ ኮምፒውተሩና ማስኩ በእጅ ሻንጣ፣ የገመድ መቁረጫ ካለሽ ደግሞ በሚጫነው ሻንጣ።