የቅናሽ ኮድ ድረ ገጽ ድርሻ የሚገባው መቼ ነው?

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ የባህል ልብስ እሸጣለሁ። ከሱቁ ሌላ በቴሌግራም ትእዛዝ ተቀብዬ፣ ክፍያውን በቴሌብር ወስጄ ልብሱን ወደ ሌላ ከተማ በአውቶቡስ እልካለሁ። በቅርቡ አንድ ወጣት የቅናሽ ኮዶችን ሰብስቦ የሚያወጣ ድረ ገጽ እየሠራ መሆኑን ነገረኝ። ለገዢዎች 10 በመቶ የሚቀንስ ኮድ እንድሰጠው፣ በኮዱ ከሚሸጠው ከእያንዳንዱ ልብስም ለእርሱ 10 በመቶ እንድከፍለው ጠይቆኛል። ውጭ ሀገር የታወቀ አሠራር ነው ይላል። ነገሩ እንዴት ነው? ልስማማ ወይስ ይቅርብኝ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ወጣቱ የነገረዎት እውነት ነው። ነጋዴው ገዢ ላመጣለት ሰው ከሽያጩ ድርሻ የሚከፍልበት ይህ አሠራር አፊሊየት ማርኬቲንግ ይባላል፤ አማዞን እ.ኤ.አ. በ1996 የራሱን ፕሮግራም ከጀመረ ወዲህ በሰፊው የታወቀ ሲሆን፣ በእኛ አነጋገር ከድለላ ብዙም አይርቅም።

ገዢው በድረ ገጹ ላይ ኮዱን ለማየት ሲጫን የነጋዴው ገጽ በልዩ ሊንክ ይከፈትለታል፤ በዚያው ቅጽበትም ኩኪ የሚባል ትንሽ መለያ ስልኩ ወይም ኮምፒውተሩ ላይ ይቀመጣል። ገዢው በተወሰነው ጊዜ ውስጥ፣ ማለትም በብዙ ነጋዴዎች ዘንድ በ30 ቀን፣ በአማዞን ደግሞ በአብዛኛው በ24 ሰዓት ውስጥ ከገዛ፣ ሽያጩ በድረ ገጹ ስም ይመዘገባል። እንደ አዊን ያሉ አገናኝ ድርጅቶች መሐል ሆነው ሽያጩን ይቆጣጠራሉ፣ ክፍያውን ያስተላልፋሉ፣ የአገልግሎት ዋጋቸውንም ይወስዳሉ። ኮሚሽኑ የሚጸድቀው የዕቃ መመለሻው ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው፤ ዕቃው ከተመለሰ ይሰረዛል።

ብዙ ክርክር ያስነሳው ድርሻው ለማን እንደሚከፈል ነው። በተለመደው ደንብ የሚከፈለው ገዢው ከመግዛቱ በፊት በመጨረሻ ለተጫነው ሊንክ ባለቤት ነው። አንዲት ገዢ ልብሱን መርጣ ልትከፍል ስትል «የቅናሽ ኮድ ያስገቡ» የሚል ሳጥን ታያለች፤ ኮድ ፍለጋ ወጥታ ከአንዱ ድረ ገጽ አግኝታ ትመለሳለች። ድረ ገጹ አላመጣትም፤ ድርሻውን ግን ይወስዳል። መናኸሪያ ውስጥ ተሳፋሪው መኪናውን ራሱ አግኝቶ ሊገባ ሲል ደላላው ትከሻውን ነክቶ «እኔ ነኝ ያመጣሁት» ብሎ ከሾፌሩ ገንዘብ እንደሚጠይቀው ነው። ፔይፓል እ.ኤ.አ. በ2020 በ4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የጠቀለለው ሃኒ የተባለው ኮድ ፈላጊ መሣሪያም ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ የተከሰሰው በዚሁ ጉዳይ ነው፤ ከሳሾቹ የይዘት አዘጋጆች ገዢውን ያመጣነው እኛ ሆነን ሳለ ድርሻችን ተወሰደብን ሲሉ፣ ኩባንያው የዘርፉን የተለመደ ደንብ እንደሚከተል መልሷል።

አሁን ወደ እርስዎ ሒሳብ እንምጣ። በ3,000 ብር አሠርተው በ4,000 ብር የሚሸጡት ቀሚስ አለ እንበል። በኮዱ ዋጋው 3,600 ይሆናል፤ ከዚህ ላይ ለወጣቱ 360 ብር ሲከፍሉ የሚቀርዎት ትርፍ 240 ብር ብቻ ነው። ስምዎን ሰምታ ለማታውቅ የሻሸመኔ ወይም የዲላ ገዢ ከሆነ 240 ብሩም ትርፍ ነው፤ ነገ ተመልሳ ያለ ኮድ ልትገዛ ትችላለችና። በየዓመቱ ከእርስዎ ለምትገዛው ደንበኛ ከሆነ ግን የቅናሹን 400 እና የወጣቱን 360፣ በድምሩ 760 ብር በገዛ እጅዎ ሰጡ ማለት ነው።

ስለዚህ እንዳለ አይቀበሉት፣ ጨርሰውም አይመልሱት። ትእዛዝዎ በመልእክት የሚመጣ በመሆኑ ኩኪ የለም፤ ገዢዋ ከየት እንደመጣች የሚመሰክረው ኮዱ ራሱ ነው። በመሆኑም ለወጣቱ ለብቻው የሚሆን ኮድ ይስጡት፤ ያንኑ ኮድ በራስዎ ቻናል ላይ ፈጽሞ አይለጥፉ፤ ትእዛዝ ሲቀበሉም «ኮድ አለሽ?» ብለው አይጠይቁ፣ ጥያቄው ራሱ ፍለጋ ይሰዳታልና። ቅናሹ እንደተጻፈ ለሁሉም ይሁን፤ ድርሻው ግን ስልክ ቁጥሯ በትእዛዝ ደብተርዎ ውስጥ ለሌለ አዲስ ገዢ ብቻ ይከፈል። እኔ ብሆን 5 በመቶ እሰጠው ነበር፤ ከዚያ በላይ ግን ትርፍዎ አይሸከምም። ክፍያውም ልብሱ ደርሶ፣ የመለወጫው ጊዜ ካለፈ በኋላ በወር አንዴ ቢሆን ይበቃል።

ወጣቱ ሒሳቡን ለማመሳከር የገዢዎችን ስምና ስልክ ቢጠይቅዎ የትእዛዝ ቁጥርና ቀን ብቻ ይስጡት። የደንበኞችዎን መረጃ ያለ ፈቃዳቸው ማስተላለፍ በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ሊያስጠይቅዎ ይችላል።

ሁለት ነገሮች በውሉ ላይ በቀን ተወስነው ይጻፉ። አንደኛው ኮዱ የሚያበቃበት ዕለት ነው፤ ጊዜው ያለፈ ኮድ ድረ ገጹ ላይ ሲቆይ ገዢ ይስባል፣ አልሠራም ብላ የምትቆጣው ግን በእርስዎ ላይ ነው። ሁለተኛው ኮዱ የማይሠራባቸው ሳምንታት ናቸው፦ ለፍቼ ጨምበላላና ለዘመን መለወጫ ሰው ያለ ቅናሽም ሱቅዎ ድረስ ስለሚመጣ፣ እነዚያን ሳምንታት ከውሉ ውጭ ያድርጓቸው።