ወደ አካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ ሙያ ለምትገቡ ወጣቶች

ልጆቼ፣ «የፕሮጀክቱ ቦታ ከፓርኩ ወሰን ውጭ ስለሆነ በዱር እንስሳቱ ላይ ጉዳት አያደርስም» የሚለውን ዓረፍተ ነገር በሪፖርታችሁ ከማስፈራችሁ በፊት፣ ውኃው ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ ተከታትላችሁ እንድታረጋግጡ አደራ እላችኋለሁ።

ይህን የምለው አብያታን እያሰብሁ ነው። ሐይቁ በአብያታ ሻላ ሐይቆች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ በሕግ የተጠበቀ ነው፤ የሚመግበው ውኃ ግን ከዝዋይ በቡልቡላ ወንዝ፣ ከላንጋኖም በሆራ ቀሎ በኩል ይመጣል። አብያታ ጥልቀቱ አነስተኛ፣ መውጫም የሌለው ሐይቅ በመሆኑ፣ ከላይ ለመስኖ የሚጠለፈው ውኃና ከራሱ ለሶዳ አሽ (ለመስታወትና ለሳሙና መሥሪያ የሚሆን ኬሚካል) ማምረቻ የተሳበው ተደማምረው ዳርቻው እንዲሸሽና ጨዋማነቱ እንዲበረታ አድርገዋል። ዓሣው ሲጠፋ ጉዳቱ በዚያ አላበቃም። በአጎራባቹ የሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ የሚራቡት ነጭ ፔሊካኖች፣ ሻላ ጥልቅ ቢሆንም ዓሣ የማይበዛበት ስለሆነ፣ ይመገቡ የነበረው ከአብያታ ነበርና ምግብ ፍለጋ ወደ ሌሎች ሐይቆች ርቀው ለመብረር ተገደዱ። ደሴቲቱን ብቻ የሚያጠና ባለሙያ የመራቢያ ስፍራው አልተነካም ብሎ በቅንነት ሊጽፍ ይችላል፤ እኔን የሚያሳስበኝም ይህ ቅንነት ነው።

በዝዋይ ዳር የሚተከል አንድ የውኃ መሳቢያ ፓምፕ ብቻውን ሲመዘን ተፅዕኖው ቀላል መባሉ እውነት ሊሆን ይችላል። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ግን የአንድ ፕሮጀክት ተፅዕኖ ከሌሎች ተፅዕኖዎች ጋር ተደምሮ እንዲታይ ያዛል፤ በእኔ አስተያየት ከአዋጁ ድንጋጌዎች ሁሉ በሥራ ላይ እጅግ የተዘነጋው ይህ ነው። ስለዚህ ቀደም ሲል የተፈቀዱትንም፣ ፈቃድ የሚጠባበቁትንም ፕሮጀክቶች ጠይቃችሁ በአንድ ሠንጠረዥ ደምሩ።

ፕሮጀክቱ በሌላ ቦታ ወይም በሌላ መንገድ ሊሠራ የሚችልባቸውን አማራጮችም ለይስሙላ አትጻፉ። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2017 እ.ኤ.አ. በአደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ እንዲወጣ ከረዱት ሥራዎች አንዱ፣ ፓርኩን አቋርጦ የሚያልፈውን መንገድ ጫና የሚያቃልል ተለዋጭ መንገድ መሠራቱ ነው።

የግምገማውን ወጪ የሚሸፍነው የፕሮጀክቱ ባለቤት ስለሆነ ጫና ይኖርባችኋል። ጥናቱ መላውን ተፋሰስ እንዲያካትት፣ የመስክ ሥራውም በክረምትና በበጋ እንዲካሄድ ውሉ ከመፈረሙ በፊት አስገቡ፤ ከተፈረመ በኋላ ጊዜውም ገንዘቡም አይገኝም።