ሙዚቃው ከታሪኩ ይውጣ፦ ለወጣት የፊልም ሙዚቃ ደራሲያን

ልጆቼ፣

በተገናኘን ቁጥር ከሁሉ አስቀድማችሁ የምትጠይቁኝ ስለ ዕቃ ነው። የትኛውን ሶፍትዌር ልግዛ፣ የትኛው የኦርኬስትራ ሳምፕል (አስቀድሞ ተቀድቶ የሚሸጥ የመሣሪያ ድምፅ) ይሻላል፣ ኮምፒውተሬ ስንት ራም ይኑረው ትሉኛላችሁ። ጥያቄያችሁን አልንቀውም። እኛ በአንድ ኪቦርድ የተውተረተርንበትን ሥራ እናንተ ዛሬ በመኝታ ክፍላችሁ በሙሉ ኦርኬስትራ ትሠሩታላችሁ፤ ጆሯችሁም የሰላ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሙዚቃው ከየት እንደሚመጣ ነው። ከታሪኩ ውስጥ ይወጣል ወይስ ከውጭ መጥቶ ይለጠፋል?

መለጠፉ የሚጀምረው ኤዲቲንግ ላይ ነው። ኤዲተሩ ትዕይንቱ ባዶ እንዳይሆንበት ከሌላ ፊልም የወሰደውን ሙዚቃ ለጊዜው ያስገባል፤ ቴምፕ የምንለውን ማለቴ ነው። ዳይሬክተሩ ያንኑ ለሳምንታት ደጋግሞ ሲሰማ ይለምደዋል፣ ከዚያም ይወደዋል። እናንተ ስትጠሩ «ይህን የመሰለ ሥሩልኝ» ይላችኋል። ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። ዳይሬክተሩ ስታንሊ ኩብሪክ እ.ኤ.አ. በ1968 ለእይታ ለበቃው «2001፦ ኤ ስፔስ ኦዲሴይ» የሙዚቃ ደራሲውን አሌክስ ኖርዝን ሙዚቃ አጽፎት ነበር። ኖርዝ ጽፎ፣ አስቀድቶ አስረከበ። ኩብሪክ ግን ለጊዜው አስገብቷቸው በነበሩት የክላሲካል ሥራዎች ጸና፤ ኖርዝም ሙዚቃው መጣሉን ያወቀው ፊልሙ ሲመረቅ ተቀምጦ ሲያይ ነው። የኩብሪክ ምርጫ ለፊልሙ ሠምሮለታል። ግን የኖርዝን ያህል ስም ያለው ደራሲ ቴምፕን ማሸነፍ ካቃተው ጀማሪው ምን ይውጠው?

ስለዚህ ቀድማችሁ ግቡ። እኛ ዘንድ ሙዚቃ ሠሪ የሚጠራው ከሁሉ በኋላ ነው፤ ፖስተሩ ተለጥፎ፣ የምረቃው ቀን ተቆርጦ፣ ገንዘቡም አልቆ። እናንተ ስክሪፕቱን ገና ሲጻፍ ጠይቁ፤ ቀረጻ ሳይጀመር አንድ ዜማ፣ ዜማ ባይሆን አንድ ድምፅ ይዛችሁ ቅረቡ። ጣሊያናዊው የሙዚቃ ደራሲ ኤንዮ ሞሪኮኔ «ዋንስ አፖን ኤ ታይም ኢን ዘ ዌስት» ለተባለው ፊልም ዋና ዋና ዜማዎቹን የጻፈው ከቀረጻው በፊት ነው፤ ዳይሬክተሩ ሰርጂዮ ሊዮኔ ሙዚቃውን ቀረጻ ቦታ ላይ እያስከፈተ ተዋንያኑ በዚያ ምት እንዲንቀሳቀሱ ያደርግ ነበር። አይስላንዳዊቷ የቼሎ ተጫዋች ሂልዱር ጉድናዶቲር ለ«ጆከር» ፊልም ስክሪፕቱን አንብባ ሙዚቃ ጽፋ ላከች። ዳይሬክተሩ ቶድ ፊሊፕስ ቀረጻ ላይ ከፈተው፤ ዋናው ተዋናይ ሆአኪን ፊኒክስ መጸዳጃ ቤት ውስጥ የሚደንሰው ያ ዳንስ የተወለደው ከዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ኦስካር ወሰደችበት። ለ«ቼርኖቤል» ተከታታይ ፊልም ደግሞ ሊቱዌኒያ ውስጥ ሥራ ያቆመ የኒውክሌር ማመንጫ ገብታ የበሮቹንና የአዳራሾቹን ድምፅ ቀዳች፤ ሙዚቃውን የገነባችው በዚያ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ድምፅ የትም ተገዝቶ አይገኝም።

እናንተስ? ታሪኩ መርካቶ ከሆነ ምናለሽ ተራ ወርዳችሁ ብረት ሲቀጠቀጥ ምቱን ቅዱ። ጣና ዳር ከሆነ ታንኳው ላይ ተቀመጡ።

የራሳችንን መሣሪያዎች በተመለከተ ረዘም አድርጌ ልንገራችሁ፤ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነውና። ሽማግሌ ሲናገር ከሥሩ በገና ማስገባት የተለመደ ነው። በገና ያንን የሚነዝር ድምፁን የሚያገኘው ከእንዚራው ነው፤ አውታሩ ከሚያርፍበት ቦታ ላይ ከምትገባው ትንሽ የቆዳ ቁራጭ። ያ ንዝረት የሚቀመጠው የወንድ ልጅ ድምፅ በሚቀመጥበት ቦታ ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡ ይጋፋሉ፤ ንግግሩ ይደፈናል። ሚክስ የሚያደርገው፣ ማለትም ድምፆቹን የሚያመጣጥነው ባለሙያ ንግግሩን ለማዳን በገናውን ዝቅ ያደርገዋል፣ እንዚራው ይጠፋል፣ የሚቀረው በገና መሆኑ እንኳ የማይታወቅ ድምፅ ነው። ሽማግሌው ይጨርስ። ዝም ሲል አንዷን አውታር ምቱ፤ ንዝረቷ እስክትሞት ጠብቁ፤ እንደገና አፉን ከመክፈቱ በፊት ውጡ። ማሲንቆም እንዲሁ ነው። የሰው ድምፅ ይመስላልና ተዋናይቷ እያለቀሰች ማሲንቆ ከገባ ሁለት አልቃሽ ይሆናል፤ የእሷ እንባ ይቀንሳል። ከሁለቱ አንዱን ምረጡ።

የክራር ሳምፕልንም አትመኑት። አብዛኛው የተቃኘው በፒያኖ ልክ ነው። ክራር ደርዳሪ ከቅኝቶቻችን አንዱ የሆነውን አንቺሆዬን በጆሮው ሲቃኝ ግን በፒያኖ ቁልፎች መካከል የሚወድቁ ድምፆች አሉት፤ ልብ የሚነካውም እዚያ ነው። ባለሙያውን ጥሩ፣ ክፈሉት፣ ከጎኑ ቁጭ በሉ። ስዊድናዊው ሉድቪግ ጎራንሰን ለ«ብላክ ፓንተር» ፊልም ሴኔጋል ድረስ ሄዶ ከአገሩ ዘፋኝ ከባባ ማል ጋር እየተዘዋወረ አድምጧል፤ የዋናው ገጸ ባሕሪ መለያ ያደረገው የሚናገረውን ከበሮ ታማን ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በዚሁ ሥራ ኦስካር ተሸልሟል። ባዳ ሰው ይህን ያህል ከደከመ፣ ማሲንቆ ከሚሰማበት ሰፈር ያደጋችሁት እናንተ ፋይል አውርዳችሁ ስትተዉት ያንገበግበኛል።

ብዙ መሣሪያ የግድ አያስፈልግም። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ለብቻቸው በፒያኖ የተጫወቱት ሙዚቃ ከተቀዳ ከብዙ ዘመን በኋላ «ታይም» የተባለው ዘጋቢ ፊልምና «ፓሲንግ» ውስጥ ገብቷል፤ የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2020፣ ሁለተኛው በ2021 የወጡ፣ ሁለቱም ጥቁርና ነጭ ፊልሞች ናቸው። አንድ ሰው፣ አንድ ፒያኖ። እነዚያን ትዕይንቶች በጆሮ ማዳመጫ ሆናችሁ እዩአቸው።

ፊልሞቻችን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በሙዚቃ የሚታጨቁበት አንድ ምክንያት አለ፤ በግልጽ የሚናገረው ግን የለም። ቀረጻ ላይ ጄኔሬተሩ ይጮኻል፣ የሚኒባሱ ረዳት ይጣራል፣ ያንን ለመደበቅ ሙዚቃ ይደረብበታል። እናንተ መሸፈኛ አትሁኑ። ድምፁ ተበላሽቶ ሲመጣ ንግግሩ ስቱዲዮ ገብቶ እንዲደገም ጠይቁ። ትዕይንቱ ያለ ሙዚቃ የሚቆም ከሆነ «እዚህ ሙዚቃ አያስፈልግም» ለማለት ድፈሩ። ይህን የሚል ሙዚቃ ሠሪ ዳይሬክተሩ በሁለተኛው ፊልም ቀድሞ ይጠራዋል።

አሁን ደግሞ ሁለት መስመር ጽፋችሁለት ሙዚቃ የሚያወጣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት መጥቷል። ብዙዎቻችሁ ፈርታችኋል፤ ፍርሃቱ መሠረት አለው። የተለመደውን የሐዘን ሙዚቃ፣ የተለመደውን የማሳደድ ሙዚቃ በርካሽ ይሠራዋል፤ በዚያ ብቻ የሚተዳደር ሰው ገበያው ይጠብበታል። ተዋናይቷ ቃል ከማውጣቷ በፊት የምትስበውን ትንፋሽ ሰምቶ፣ ከዳይሬክተሩ ጋር ሌሊቱን ሙሉ ተከራክሮ፣ ሙዚቃው የሚገባበትን ቅጽበት የሚመርጠው ግን እዚያ የነበረ ሰው ነው። ጊዜያችሁን እዚያ ላይ አውሉት።

በመጨረሻ፣ የሠራችሁት የእናንተ መሆኑን አስከብሩ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ንና ማሻሻያውን ቁጥር 872/2007ን አንብቡ። ዳይሬክተሩ ወንድማችሁ ቢሆን እንኳ ውላችሁ በጽሑፍ ይሁን፤ ሙዚቃው ለዚህ ፊልም ብቻ ነው ወይስ ለቀጣዩም፣ ፊልሙ ከሲኒማ ቤት ወርዶ ዩቲዩብ ላይ ሲጫን ከገቢው ምን ይደርሳችኋል፣ ስማችሁ የትኛው ቦታ ላይ ይጻፋል የሚለው ሁሉ በውሉ ይስፈር። ምናለሽ ተራ የቀዳችሁትን ድምፅ፣ ከክራር ተጫዋቹ ጋር የቀረጻችሁትን ሁሉ ለየብቻ ለዩና ኦሪጅናሉን እናንተ ዘንድ አስቀሩ፤ የተጫወቱላችሁንም ሰዎች ስምና የከፈላችሁትን ከፋይሉ ጋር ጽፋችሁ አስቀምጡ።