ያቺ ባለ ቀይ በር የገጠር ቤተክርስቲያን

እህቴ፣ ከሚኒያፖሊስ ሁለት ሰዓት ነድታችሁ ያገኛችኋትን ባለ ቀይ በር የእንጨት ቤተክርስቲያን «እዚያ ገጠር መሀል ማን ሠራት? ለማኅበራችን ብንገዛትስ?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ አናጺ ነኝ። እዚሁ ሚኒሶታ የእሷን ዓይነት ግድግዳ ሁለት ሰመር ሙሉ ስጠግን ነው የከረምኩት፣ ስለዚህ ትንሽ ቢረዝምም ታገሺኝ።

ባለቤቶቿ ኤጲስቆጳላውያን ናቸው፣ የእንግሊዞቹ አንግሊካን የአሜሪካ ቅርንጫፍ በያቸው። ጳጳስም ሀገረ ስብከትም አላቸው። የሚኒሶታ የመጀመሪያ ጳጳሳቸው ሄንሪ ዊፕል በፈረንጆቹ 1859 ተመርጦ እስከ 1901 ድረስ ቆይቷል። ያኔ ሰፋሪው ገና እየጎረፈ ነበር። (መሬቱ ከነባሩ የዳኮታ ሕዝብ የተወሰደ መሆኑን የግንባታ ታሪክ የሚያወሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ ይዘሉታል፣ እኔ ግን አልዘለውም።)

መጀመሪያ ሕንጻ የሚባል ነገር የለም። አምስት ስድስት ቤተሰብ በአንዱ ሳሎን ወይም በትምህርት ቤት ክፍል ይሰበሰባል። ቄስ ቢመጣ አልፎ አልፎ ነው፤ በሌለ ጊዜ ከመሀላቸው አንዱ ከጸሎት መጽሐፋቸው ያነባል፣ ሌላው ይቀበላል። ራሳቸውን እስኪችሉ «ሚሽን» ይባላሉ። ሲችሉ ደግሞ «ፓሪሽ» ሆነው «ቬስትሪ» ይመርጣሉ፣ ማለት የኛው ሰበካ ጉባኤ ነው፣ ከነጭቅጭቁ።

ገንዘቡስ? በብዛት የሴቶቹ ልፋት ነው። ሰፍተው ይሸጣሉ፣ እራት አብስለው ይሸጣሉ። እኔ የጠገንኳት ቤት ጣሪያ በቅድመ አያታቸው የዶሮ እራት እንደተከደነ አንዲት አሮጊት እየሳቁ ነግረውኛል። በዚያ ዘመን ደግሞ ዕዳዋን ያልጨረሰች ቤተክርስቲያን በጳጳስ አትቀደስም ነበር፣ ስለዚህ ትንሽ ሠርቶ ቶሎ መክፈል ግድ ነው።

ንድፉን አርክቴክት አልቀጠሩለትም። ሪቻርድ አፕጆን የሚባል እንግሊዝ ተወልዶ አሜሪካ የመጣ ሰው ነበር፣ ያውም በሙያው የቤት ዕቃ አናጺ የነበረ። ኒውዮርክ ዎል ስትሪት ፊት ለፊት ያለችውን ትሪኒቲ ቤተክርስቲያን የሠራው እሱ ነው፣ በ1846 አለቀች። በ1852 ለገጠር ምዕመናን የእንጨት ቤተክርስቲያን ንድፍ ከነዝርዝሩ በመጽሐፍ አሳተመ። ከዚያ በኋላ የሰፈር አናጺ ገጹን ገልጦ መሥራት ቻለ። ቀጥ ያለው ሹል ጣሪያ፣ ጫፋቸው የሾለ ጠባብ መስኮቶች፣ ከላይ ወደታች የቆመው ጣውላ፣ ሁሉም ከዚያ ዓይነት ንድፍ የመጣ ነው።

ጣውላው ላይ ጉድ ሆኛለሁ። በሁለት ጣውላ መሀል ያለው ክፍተት በቀጭን ጣውላ ይሸፈናል። እኔ ብልጥ ነኝ ብዬ ቀጭኑን ከሁለቱም ጣውላ ጋር ግራና ቀኝ በሚስማር ጠረቅኩት። የበረዶው ክረምት ሲመጣ እንጨቱ ደረቀ፣ ተኮማተረ፣ መሄጃ አጣና ሦስት ጣውላ ተሰነጠቀ። የድሮዎቹ ግን መሀል ላይ ብቻ፣ በክፍተቱ ውስጥ ነበር የመቱት፣ ጣውላው እንደልቡ እንዲንቀሳቀስ። ያወጣኋቸው ሚስማሮች አራት ማዕዘን ነበሩ፣ አንዱን እስካሁን መኪናዬ ውስጥ ይዤዋለሁ።

አሁን ወደ ግዢው። ቁልፍ የያዙት ሽማግሌ «እንሸጣለን» ቢሉሽ አትቸኩዪ። ከ1979 ጀምሮ በሕጋቸው የአጥቢያው ንብረት ለሀገረ ስብከቱና ለጠቅላላ ቤተክርስቲያናቸው በአደራ የተያዘ ነው፣ አጥቢያው ብቻውን አይሸጠውም። ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ሀገረ ስብከታቸው ቢሮ ደውሉ። ሽያጩ ከተፈቀደ ጳጳሱ ቤቱን ከቅድስና አገልግሎት የሚያወጣበት ሥርዓትም አላቸው።

ለኛ ሥርዓት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። መሠዊያቸው በልማድ ወደ ምሥራቅ ነው ይባላል፣ ግን ብዙዎቹ መንገዱን ተከትለው የተሠሩ ናቸው፣ ስለዚህ በስልካችሁ ኮምፓስ አረጋግጡ። መቅደስ ሊሆን የሚችለው ክፍል ጠባብ ነው፣ ቅኔ ማኅሌቱን የት እንደምታደርጉት ከቄሶቻችሁ ጋር ቆማችሁ በሜትር ለኩ። ለታቦት ማዞሪያ ውጭው ሰፊ ነው፣ በረዶ ከሌለ።

ከሆነላችሁ ደግሞ መጀመሪያ አንድ ክረምት ተከራይታችሁ እዩት። ዋጋውን ከመከራከራችሁ በፊት ያለፈውን ጃንዋሪ የማሞቂያ ቢል ጠይቋቸው።