የጋቢና ወንበር አልመች ሲል፦ ስለ አሮጌ መኪና ወንበር ቅየራ ጥያቄና መልስ

ስለ አሮጌ መኪና የጋቢና ወንበሮች የደረሱኝን ጥያቄዎች እነሆ እመልሳለሁ። ብዙ ሰው ወንበርን የምቾት ዕቃ ብቻ አድርጎ ያየዋል። እኔ ግን ከቀበቶውና ከኤርባጉ ነጥዬ ላየው አልችልም። አንዳንዱ መልሴ ጠንከር ያለው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ መኪናዬ ከ20 ዓመት በላይ ሆኗታል። አንድ ሰዓት ከነዳሁ ወገቤን ያመኛል። ወንበሩን ልቀይረው?

መልስ፦ ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት አንድ ነገር ሞክር። መኪናውን ሌላ ሰው ይንዳ፤ አንተ በተሳፋሪው ወንበር ላይ ያንኑ ያህል መንገድ ተጓዝ። ይህ ወንበር ብዙውን ጊዜ ባዶውን ስለሚውል ስፖንጁ እንደ ሾፌሩ አይደክምም። እዚያ ተቀምጠህ ካላመመህ የሾፌሩ ወንበር አርጅቷል ማለት ነው። እርጅና ደግሞ ይጠገናል። እዚያም ካመመህ የወንበሩ ቅርጽ ራሱ አልተስማማህም፤ ያኔ ስለ ቅየራ እናወራለን።

ቀጥለህ መቀመጫውን መሃል ላይ በቡጢ ተጫነው። ብረት ከተሰማህ ስፖንጁ አልቋል። ከሥር እጅህን አስገብተህ ሞላዎቹንም ዳስስ፤ የተበጠሰ ወይም ከማያያዣው የወጣ ካለ አንዱ ጎን ይሰምጣል። በበሩ በኩል ያለው ጠርዝ ከሁሉም ቀድሞ ያልቃል፤ ስትገባም ስትወጣም ክብደትህን የምታሳርፈው እሱ ላይ ነው። እሱ ሲሰምጥ ዳሌህ ወደዚያው ያዘነብላል፤ ወገብህ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሲያቃና ይውላል። የኋላ ኪስህ ውስጥ ወፍራም ቦርሳ ካለም አውጣው።

ጥያቄ፦ ስፖንጁን ብቻ ላስቀይር ብል የቱ ይሻላል?

መልስ፦ የዚያው ሞዴል፣ በፋብሪካ በቅርጹ የተሠራ ስፖንጅ ከተገኘ እሱን የሚያህል የለም። ካልተገኘ ጎበዝ ባለሙያ የሰመጠውን ክፍል ብቻ ቆርጦ ጠንከር ባለ ስፖንጅ ይሞላዋል። የፍራሽ ስፖንጅ ግን አይሁን። መጀመሪያ ሲቀመጡበት ደስ ይላል፤ ብዙም ሳይቆይ ይተኛል። በስፖንጁና በሞላው መካከል ወፍራም ጨርቅ ይነጠፍ፤ ያለዚያ ሞላው ስፖንጁን እየፈጨ ይበላዋል። ሽፋኑ ሲወልቅ በስፖንጁ ቦይ ውስጥ የተቀበሩ ቀጭን ሽቦዎች ታያለህ። ሽፋኑን ወደ ውስጥ ስበው ቅርጽ የሚሰጡት እነሱ ናቸው። ተጥለው ሽፋኑ እንዲሁ ከተወጠረ ወንበሩ እንደ ከበሮ ይሆናል፤ ጀርባህን የሚይዝ ጎድጓዳ አይኖረውም።

ጥያቄ፦ የሾፌሩንና የተሳፋሪውን ወንበር ባቀያይራቸውስ?

መልስ፦ ሙሉውን ወንበር አይሆንም። የቀበቶው መቆለፊያ፣ ማስተካከያዎቹና ወንበሩ የሚንሸራተትበት ሀዲድ ተገላቢጦሽ ናቸው። የመቀመጫው ስፖንጅ በአንዳንድ መኪኖች አንድ ዓይነት ስለሆነ እሱን መለዋወጥ ይቻላል። ተሳፋሪ መኖሩን የሚለይ ሴንሰር ካለው ግን አትንካው።

ጥያቄ፦ ከሌላ ሞዴል የወጣ ጥሩ ወንበር አግኝቻለሁ። ይገጥማል?

መልስ፦ በዓይን አይታወቅም፤ ሜትር ይያዙ። በአራቱ የብሎን ቀዳዳዎች መካከል ያለውን ርቀት ከፊት ወደ ኋላም፣ ከግራ ወደ ቀኝም ይለኩ። የወለሉ የፊትና የኋላ ከፍታም እኩል ላይሆን ይችላል፤ ስለዚህ የወንበሩን እግሮች ቁመትም ይለኩ። ቀጥሎ የቀበቶው መቆለፊያ ከወንበሩ ጋር ነው ወይስ ከወለሉ ጋር የታሰረው? በሁለቱ መኪኖች ላይ ከተለያየ ነገሩን ይተዉት። እኔን ከጠየቁኝ፣ ከራስዎ መኪና ሞዴልና ትውልድ የተሻለ ደረጃ ያለውን ወንበር ይፈልጉ። የወገብ ድጋፍና የከፍታ ማስተካከያ ያለው፣ ግጭት ካላየ መኪና የወጣ ቢሆን ምኞትዎ ሞላ። ያኔም ቢሆን የኤርባጉን ሶኬት ማመሳከር አይቀርም።

ጥያቄ፦ ብየዳ ቤት "ላሜራ ቆርጠን መያዣ እንሠራልሃለን" አሉኝ። ምን ትላለህ?

መልስ፦ እባክህ ተው። ለምን እንደሆነ በቁጥር ላሳይህ። የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ ቁጥር 17 የወንበርን ጥንካሬ የሚፈትነው ከመሬት ስበት 20 እጥፍ በሆነ ድንገተኛ ፍጥነት መቀነስ ነው። 20 ኪሎ የሚመዝን ወንበር በዚያች ቅጽበት መያዣውን 400 ኪሎ ያህል ይጎትተዋል። ይህ ባዶው ወንበር ነው። ቀበቶው ከወንበሩ ጋር የታሰረ ከሆነ የአንተም ክብደት በዚያው መያዣ ላይ ይመጣል። በግምት የተበየደ ላሜራ ይህን አይችልም ማለቴ ሳይሆን፣ መቻሉን ማንም ፈትኖ አላየውም። ለመኪናህ ሞዴል ተሠርቶ የተፈተነ መያዣ ካለ ሌላ ነገር ነው። ብሎኑም የፋብሪካው ይሁን። ጭንቅላቱ ላይ 8.8 ወይም 10.9 የሚል የጥንካሬ ቁጥር ተጽፎ ታገኛለህ፤ ቁጥር በሌለው ተራ ብሎን አትተካው።

ጥያቄ፦ ወንበሬ ጎኑ ላይ ኤርባግ አለው። ራሴ ባወጣው ችግር አለው?

መልስ፦ የጎን ኤርባግ በወንበር ውስጥ መግባት የጀመረው በ1990ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ነው፤ ቮልቮ 850 ፈር ቀዳጁ ነበር። ስለዚህ "አሮጌ ነው" ብለህ አትዘናጋ። ከወንበሩ ሥር ቢጫ ሶኬት ካየህ የኤርባግ ወይም ቀበቶን በቅጽበት የሚያጠብቅ መሣሪያ ገመድ ነው። ቁልፉን አጥፋ፣ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍታ፣ ከዚያም የመኪናው መመሪያ የሚለውን ያህል ደቂቃ ጠብቅ። ሲስተሙ ባትሪው ተፈትቶም ለጥቂት ጊዜ ኃይል ይይዛል። ሶኬቱን በቴስተር አትለካ። ሶኬቱ ተነቅሎ እያለም ቁልፉን አትክፈት፤ የኤርባግ መብራቱ በርቶ ይቀራል፣ ለማጥፋትም ኮምፒውተር ሊያስፈልግህ ነው።

መብራቱን ለማታለል በኤርባጉ ፋንታ ሬዚስተር የምትባል ትንሽ የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚገጥሙ አሉ። ይህ መኪናው የሌለውን ኤርባግ አለኝ ብሎ እንዲያምን ማድረግ ነው። በፍጹም አልስማማበትም።

ጥያቄ፦ ቁመቴ አጭር ነው። ትራስ አድርጌ ብነዳስ?

መልስ፦ ለስላሳ ትራስ አልመክርሽም እህቴ። በግጭት ጊዜ ትራሱ ይታመቅና ሰውነትሽ ከቀበቶው ሥር ይንሸራተታል። የታችኛው ቀበቶ የዳሌሽን አጥንት እንጂ ሆድሽን መያዝ የለበትም። ከፍ ዝቅ የሚል ወንበር ለመኪናሽ ካለ ለአንቺ ዋናው መፍትሔ እሱ ነው። ደረትሽ ከመሪው መሃል ቢያንስ 25 ሴንቲ ሜትር ይራቅ። ፔዳሉ ላይ ለመድረስ ብለሽ በጣም ከተጠጋሽ ኤርባጉ ራሱ ሊጎዳሽ ይችላል።

ጥያቄ፦ የእሽቅድምድም ወንበርስ?

መልስ፦ ለየቀን መንዳት አይሆንም። አብዛኞቹ መደገፊያቸው አይተኛም፣ የጎን ኤርባግም የላቸውም።

ጥያቄ፦ ብሎኖቹ ዝገው አልፈታ አሉኝ።

መልስ፦ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ንፋበትና አሳድረው። ከመኪናው ሥር የሚታይ ጫፍ ካለው መጀመሪያ በሽቦ ብሩሽ አጽዳው። ከዚያ ትንሽ ፈታ፣ ትንሽ መለስ እያደረግህ አውጣው። በጉልበት ካዞርከው ወለሉ ላይ የተበየደው ዳዶ ይነቀልና ሥራው ይበዛብሃል።

ጥያቄ፦ ስገጥም ምን ላስተውል?

መልስ፦ አራቱንም ብሎኖች መጀመሪያ በእጅ ብቻ አስገባ። አንዱን ቀድመህ ካጠበቅህ ሌላው ቀዳዳ ይሸሻል፣ ሀዲዱም ይጣመማል። ወንበሩን ወደ ፊት ገፍተህ የኋላዎቹን፣ ወደ ኋላ ስበህ የፊቶቹን አጥብቅ፤ የማጥበቂያውን ልክ መመሪያው ላይ ታገኘዋለህ። ሶኬቶቹን ሁሉ ሳትመልስ ባትሪውን አትሰር። ከዚያ ወንበሩን አንሸራትተህ ሁለቱም ሀዲዶች "ቀጭ" ብለው መቆለፋቸውን አዳምጥ። አንዱ ጎን ብቻ ከቆለፈ ሀዲዶቹ እኩል አልቆሙም ማለት ነው፤ ብሎኖቹን አላልተህ እንደገና ጀምር።