ለንደን ላላችሁ ወገኖች፦ አገልግሎቱ ወደ ግል ሲዞር መብታችሁን እወቁ

እንግሊዝ አገር ቤት የተከራየ ሰው መጀመሪያ ግራ የሚያጋባው የቢሉ ብዛት ነው። ውሃው የአንዱ ድርጅት፣ መብራቱ የሌላው፣ ስልኩ የሦስተኛው። ሁሉም ቀድሞ የመንግሥት ነበሩ። ቴሌኮሙ እ.ኤ.አ. በ1984፣ ጋዙ በ1986፣ ውሃው በ1989 ወደ ግል ዞረ። ቡና ላይ በተሰበሰብን ቁጥር «ጠቀመ፣ ጎዳ» እየተባለ ይሟገቱበታል። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ካልተመቸህ ትተኸው መሄድ ትችላለህ?

ስልክ ላይ ትችላለህ። ቁጥርህን ይዘህ ወደ ሌላ ድርጅት ትሻገራለህ፤ ስለዚህ ይለማመጡሃል። ውላችሁ ሲያልቅ ዝም ብላችሁ አትቀጥሉ፤ ደውላችሁ ልትለቁ እንደሆነ ንገሯቸው።

ውሃ ላይ ግን ምርጫ የለም፤ ድርጅቱ ከሰፈሩ ጋር ነው የሚመጣው። ሲሸጡ ዕዳቸው ተሰርዞላቸው የተነሱት ድርጅቶች ዛሬ ከ60 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ዕዳ ተሸክመዋል፤ ለባለአክሲዮኖች ግን ትርፍ ሲያከፋፍሉ ኖረዋል። ይህ ለእኔ ግልጽ በደል ነው። ቢሆንም ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ። ከ1999ኙ ሕግ ወዲህ ቢል አልከፈላችሁም ተብሎ የመኖሪያ ቤት ውሃ አይቆረጥም። ዕዳው ግን ስለማይጠፋ ደብዳቤውን ሳትከፍቱ አታስቀምጡት። በቆጣሪ የምትከፍሉ፣ ድጎማ የምታገኙና የልጆች አበል የሚከፈልላቸው ሦስት ወይም ከዚያ በላይ ልጆች ያሏችሁ ከሆነ «ዋተርሹር» የሚባለውን ጠይቁ፤ ቢላችሁ ከአካባቢው አማካይ እንዳያልፍ ይገደባል።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን የሥራው ጉዳይ ነው። ብዙዎቻችን ሆስፒታል፣ ትምህርት ቤትና ካውንስል (የአካባቢ አስተዳደር) ውስጥ እናጸዳለን፣ እንጠብቃለን፤ ቀጣሪያችን ግን ኮንትራቱን ያሸነፈ የግል ድርጅት ነው። ለቀጣሪው የሚረክስለት በእኛ የሕመም ፈቃድና የጡረታ መዋጮ ላይ እየቆጠበ ነው። ከዚያ አንድ ሌሊት፣ ፈረቃ ሊያልቅ ሲል፣ ሱፐርቫይዘሩ ወረቀት ይዞ ይመጣል፦ «ድርጅቱ ተቀይሯል፣ እዚህ ጋ ፈርሙ»። ሰው ደክሞታል፣ አውቶቡሱ ሊያመልጠው ነው፣ ይፈርማል።

እህቴ፣ ወንድሜ፣ በዚያ ሰዓት አትፈርሙ። «ቱፒ» የሚባል የ2006 ደንብ አለ። ኮንትራቱ ከአንዱ ድርጅት ወደ ሌላው ሲተላለፍ ደመወዛችሁ፣ የዓመት ፈቃዳችሁና ያገለገላችሁበት ዘመን አብሮ ይሻገራል። ስድስት ዓመት የሠራ ሰው በአዲሱ ድርጅት ከዜሮ አይጀምርም። ዝውውሩን ብቻ ምክንያት አድርጎ ውልን ማበላሸት አይፈቀድም። የማይሻገረው ዋና ነገር የድርጅቱ የጡረታ ዕቅድ ነው፤ ስለ እሱ ለብቻ ጠይቁ። ወረቀቱን ፎቶ አንሱ፣ «አንብቤ እመልሳለሁ» በሉ፣ በማግስቱ በሠራተኛና በአሠሪ ጉዳይ ምክር ወደሚሰጠው የመንግሥት ተቋም ወደ አካስ (Acas) ደውሉ፤ ምክሩ በነፃ ነው። የድሮውን ውልና የደመወዝ ወረቀቶች አትጣሉ፤ ክርክር ሲነሳ ማስረጃችሁ እነሱ ናቸው።

ዩኒየንም (የሠራተኞች ማኅበር) ግቡ። ወርሃዊ መዋጮው ገንዘብ ማባከን የሚመስላቸው አሉ። ግን በምዕራብ ለንደን የኢምፔሪያል ሆስፒታሎች የጽዳት ሠራተኞች በ2019 ሥራ አቁመው ታግለው፣ በ2020 ከኮንትራክተር ወጥተው የሆስፒታሉ ቀጥተኛ ሠራተኞች ሆነዋል። አብዛኞቹ እንደኛው ከሌላ አገር የመጡ ናቸው።